አየር ያስገባው ከረጢት፦ ሰው ሠራሽ ጉልበት በወጣቶች ላይ ለምን ቶሎ ይበላሻል?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2022 ላይ በአሜሪካ የሚሠሩ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ላኪው ኤግዛክቴክ የሚባል ድርጅት ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ጌንስቪል ከተማ ላይ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያመርታል። የደብዳቤው ሐሳብ ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ከ2004 ጀምሮ የሠራናቸው የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ፕላስቲኮች አብዛኞቹ የታሸጉበት ከረጢት የተባለውን መስፈርት አያሟላም። መደርደሪያ ላይ ያለውን አትግጠሙ፣ መልሱልን። ቀድሞ የተገጠመላቸውን ሰዎች ደግሞ በቅርብ ተከታተሉ።

ከረጢት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገረማል። ብረቱ ተሰበረ ቢባል ይገባናል። ሐኪሙ ተሳሳተ ቢባልም ይገባናል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ተቀዶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለ ከረጢት ግን ከዓመታት በኋላ የሰው ጉልበት ውስጥ ምን ያደርጋል?

በአሜሪካ ብቻ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ፕላስቲኮች ቁጥር 147,732 ተብሎ ተገለጸ። ከእነዚህ ውስጥ 1,561ዱ የቁርጭምጭሚት ናቸው። የቀረው በሙሉ ጉልበት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ እግር ነው፤ ደረጃ የሚወጣ፣ ሥራ የሚውል፣ ልጅ ይዞ የሚሄድ እግር።

እኔ ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በየቤቱ አለ። ዕድሜው ገና 50 ሳይሞላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚሰማው መልስም ተመሳሳይ ነው፦ «ለቅየራ ገና ወጣት ነህ፣ ፕላስቲኩ ያልቅብሃል።» መልሱ እውነት አለው፤ ግን ግማሽ ነው። የኤግዛክቴክ ታሪክ ፕላስቲኩ እንዴት እንደሚያልቅ በደንብ ያሳያል። ሌላውን ግማሽም ለማየት በር ይከፍታል።

አንድ ቃል ላስተካክል። በጉልበት ቅየራ ዓለም «ወጣት» ሲባል ከ55፣ ቢበዛ ከ60 ዓመት በታች ያለ ሰው ማለት ነው። እኛ ጎልማሳ የምንለው። ገና ሥራ ላይ ያለ፣ ልጆቹን አስተምሮ ያልጨረሰ፣ ከፊቱ ብዙ ዓመት የሚጠብቀው ሰው።

ውስጡ ምን አለ?

ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው በሽታ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ልስልስ ነገር፣ ልም አጥንቱን፣ ቀስ በቀስ ይበላዋል። በመጨረሻ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። ያኔ ሐኪሙ የተበላሸውን ጫፍ በስሱ ይቆርጥና በሌላ ይተካዋል። በጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ ክብ ያለ ብረት ይገባል። ከታች ባለው የቅልጥም አጥንት ላይ ጠፍጣፋ የብረት ሳህን ይቀመጣል። በሁለቱ መሃል ብዙውን ጊዜ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር የፕላስቲክ ትራስ ይገባል። አንዳንዴ የጉልበቱ ሎሚ ጀርባም በፕላስቲክ ይለበጣል።

ብረቱ ጠንካራ ነው። የሚፋተገውና የሚያልቀው ትራሱ ነው። ስለዚህ የሰው ሠራሽ ጉልበት ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያች አንድ ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ይቻላል።

ፕላስቲኩ ፖሊኤትሊን ይባላል። የገበያ ፌስታልም የሚሠራው ከፖሊኤትሊን ነው፤ የጉልበቱ ግን ሰንሰለቱ እጅግ የረዘመና በጣም የጠነከረ ዓይነት ነው። ወደ ሰው መገጣጠሚያ ያስገባው ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፣ በ1962። ከዚያ በፊት ለዳሌ ቴፍሎን ተጠቅሞ ነበር። ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመት ውስጥ አለቀ። ብናኙ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሥጋና አጥንት አበላሸ። ቻርንሊ የቴፍሎንና የፖሊኤትሊን ብናኝ በራሱ ጭን ውስጥ እስከ መውጋት ደርሷል፤ ሰውነት የቱን እንደሚቆጣ ለማወቅ። ሥራውን ምን ያህል ከልቡ እንደያዘው ከዚህ ይታያል። የዛሬውን ጉልበት የሚመስለው ቅርጽ ደግሞ በ1974 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ሆስፒታል ፎር ስፔሻል ሰርጀሪ በሚባለው ሆስፒታል ተሠራ።

ጨረሩና ከረጢቱ

ወደ ሰው ሰውነት የሚገባ ነገር ሁሉ ከጀርም መጽዳት አለበት። ፕላስቲክን በእሳት ማፍላት አይቻልም፣ ይበላሻል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የተለመደው መንገድ በጋማ ጨረር መምታት ነበር። ጨረሩ ጀርሙን ይገድላል። ግን የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶችም እዚህም እዚያም ይበጥሳቸዋል። የተበጠሱት ጫፎች ዝም ብለው አይቀመጡም። የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ። እርስ በርስ ከተያያዙ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ፕላስቲኩ ይጠነክራል። ኦክስጅን ካገኙ ግን ኦክስጅኑን ይይዙታል። ብረት እንደሚዝገው ፕላስቲኩም በራሱ መንገድ ይዝጋል።

የዛገ ፕላስቲክ ምን ይሆናል? እንጀራን አስቡ። ትኩስ እንጀራ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል። ድርቆሽ ሲሆን ግን ስትነኩት ይሰባበራል። ኦክስጅን የገባበት የጉልበት ትራስም እንዲሁ ነው። መተጣጠፉን ይተውና መድረቅ ይጀምራል። ይሰነጠቃል፣ ላዩ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል፣ ይፈረፈራል።

ልቤን የሚያሳዝነው ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ በ2022 የተገኘ አዲስ እውቀት አይደለም። በ1990ዎቹ ሐኪሞች ከታካሚ ጉልበት ያወጧቸውን የተሰነጣጠቁ ትራሶች ላቦራቶሪ ወስደው ሲመረምሩ ምክንያቱ ታውቋል። ተራ አየር ባለበት ከረጢት ውስጥ ጋማ የተመታ ፕላስቲክ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ እንኳ ያረጃል። ሳይገጠም ብዙ ዓመት የቆየው ከተገጠመ በኋላ ቶሎ ይበላሻል። ኢንዱስትሪው ከዚህ ተምሮ መንገዱን ቀየረ። አንዳንዱ ጨረሩን ትቶ በጋዝ ማጽዳት ጀመረ። ሌላው ጨረሩን ይዞ አየሩን አስወጣ፤ ኦክስጅን በማያሳልፍ ከረጢት ውስጥ በቫኪዩም አሸገ።

የኤግዛክቴክ ከረጢትም ቫኪዩም ነበረው። ኦክስጅንንም በመጠኑ ይከላከላል። የጎደለው ሁለተኛው መከላከያ ሽፋን ነው፣ ኢቪኦኤች በሚባል አጭር ስሙ የሚታወቀው። ይህ ሽፋን ብርቅ ነገር አይደለም። ምግብ ቶሎ እንዳይበላሽ በሚታሸግበት ፕላስቲክ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እሱ ባለመኖሩ ኦክስጅን በጊዜ ብዛት ወደ ትራሱ መድረስ ይችላል። እንዲህ ያለ ከረጢት ከ2004 ጀምሮ እስከ 2021 ሥራ ላይ ቆየ። አሥራ ሰባት ዓመት ማለት ነው።

ድርጅቱ እነዚህን ትራሶች ከገበያ መሰብሰብ የጀመረው ኦገስት 2021 ላይ ነው። ያኔ ትኩረቱ መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት በቆዩት ላይ ነበር። የቀሩትን ቀስ እያለ ሊመልስ አሰበ። የፌብሩዋሪ 2022ቱ ደብዳቤ ግን ዕድሜ ሳይለይ ሁሉንም ጠቀለለ። ስሞቹም ተዘረዘሩ፦ ኦፕቴትራክ፣ ኦፕቴትራክ ሎጂክ፣ ትሩሊያንት፤ ለቁርጭምጭሚት ደግሞ ቫንቴጅ።

ህመሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው

የትራሱ ስንጥቅ በራሱ አያምም። ፕላስቲክ ነርቭ የለውም። ከትራሱ የሚረግፈው ብናኝ ግን በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነው። የሰውነታችን ጠራጊ ሴሎች ይህን ብናኝ እንደ ጠላት ያዩታል። ይውጡታል፣ ግን መፍጨት አይችሉም። ሲያቅታቸው የማንቂያ ኬሚካል ይረጫሉ። ያ ኬሚካል አጥንት የሚበሉ ሴሎችን ይጠራል። አጥንቱ በብረቱ ዙሪያ ውስጥ ውስጡን ይቦረቦራል። ሰውየው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ እየተራመደ ነው። ሥራ ይሄዳል፣ ለሠርግ ይጨፍራል። አንድ ቀን ብረቱ የቆመበት አጥንት ይሳሳና መነቃነቅ ይጀምራል። ያኔ ነው ህመሙ፣ እብጠቱ፣ «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚለው ስሜት የሚመጣው።

ሐኪሙ ያኔ ከፍቶ ሲያይ ጉዳቱ ትራሱን በመቀየር ብቻ የሚያልፍ ላይሆን ይችላል። አጥንቱ ጎድሎ ከሆነ ሁሉም ብረት ይወጣል። ወደ አጥንቱ መሃል ዘልቆ የሚገባ ረጅም ዘንግ ያለው ሌላ ብረት ይገባል። የጎደለው አጥንት በብረት ወይም በሌላ አጥንት ይሞላል። ድጋሚ ቅየራ ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል። ውጤቱ ያንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የኤግዛክቴክ ደብዳቤ ራሱ አንድ ከባድ ነገር ይናገራል። ኦፕቴትራክ በአውስትራሊያ፣ በብሪታንያና በኒውዚላንድ የመገጣጠሚያ መዝገቦች ላይ ከሌሎች ጉልበቶች ይልቅ ብዙ ጊዜ በድጋሚ ይቀየር ነበር። በአውስትራሊያው መዝገብ አንደኛው የኦፕቴትራክ ዓይነት ከፕላስቲክ ማለቅ ጋር በተያያዙ ምክንያቶች፣ ማለትም በመላቀቅ፣ በአጥንት መበላትና በህመም፣ ከሦስት እስከ ሰባት እጥፍ ተቀይሯል።

መዝገብ የሚለውን ቃል አስምሩበት። ስዊድን የጉልበት ቅየራን በሀገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1975 ነው። አውስትራሊያ በ1999 ጀመረች። እንግሊዝና ዌልስ በ2003። ማን ተቀየረለት፣ በምን ዓይነት ብረት፣ መቼ በድጋሚ ተከፈተ፣ ሁሉም ይጻፋል። አንድ ሐኪም በዓመት ሁለት ሦስት የተላቀቀ ጉልበት ቢያይ «ዕድል ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። መዝገቡ ግን የሺዎችን ጉልበት ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለሚያይ የቱ ዓይነት እንደሚደክም ይለያል። በእኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ለታካሚ ከማንም በላይ የቆመው ይህ አሰልቺ የሚመስል የጽሕፈት ሥራ ነው።

ታዲያ ከዕድሜ ጋር ምን አገናኘው?

የከረጢቱ ጉድለት የታካሚውን ዕድሜ አይጠይቅም። የ75 ዓመት እናትም የ48 ዓመት ሠራተኛም አንድ ዓይነት ትራስ ገብቶላቸው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

እስቲ እናስላው። በቀን 5,000 እርምጃ የሚሄድ ሰው እያንዳንዱ እግሩ 2,500 ጊዜ መሬት ይረግጣል። በዓመት ከ900,000 በላይ ነው። በ72 ዓመቱ የተቀየረለት ሰው እስከ 85 ቢኖር ትራሱ 12 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይረገጣል። በ48 ዓመቱ የተቀየረለት ሰው እስከዚያው ዕድሜ ቢኖር ግን ወደ 34 ሚሊዮን ይጠጋል። ይህም ሁለቱ እኩል ይራመዳሉ ብለን ነው። በእውነቱ ወጣቱ ይበልጥ ይራመዳል።

ጭነቱም ቀላል አይደለም። በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች ውስጡ መለኪያ ያለው ሰው ሠራሽ ጉልበት ሰዎች ላይ ገጥመው ለክተውታል። ሜዳ ላይ ስንራመድ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው የክብደታችን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ደረጃ ስንወርድ ሦስት እጥፍ ተኩል ይጠጋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ 175 ኪሎ፣ በደረጃ 245 ኪሎ ማለት ነው።

ስለዚህ ትንሽ ጉድለት ያለበት ትራስ በአንድ አዛውንት ጉልበት ውስጥ ጉድለቱ ሳይታወቅ ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል። ወጣቱ ላይ ግን ያ ጉድለት መውጫ ጊዜ ያገኛል። የከረጢቱም፣ የሐኪሙም፣ ብረቱን ከአጥንት ጋር የሚያጣብቀው ሲሚንቶም፣ የውሳኔውም ስህተት ወጣት ጉልበት ላይ ሲሆን ተደብቆ አይቀርም። ስለ ወጣት ታካሚዎች የምለው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ግን ሁሉንም በትራሱ ማሳበብም ልክ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የብሪታንያ ጥናት አለ። ከ1991 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበታቸው የተቀየረ 54,276 ሰዎችን መዝገብ ተከታትሏል። ከ70 ዓመት በላይ ሆነው የተቀየረላቸው ሰዎች በቀሪ ሕይወታቸው በድጋሚ የመከፈት ዕድላቸው 5 በመቶ ገደማ ነው። በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ወንዶች ላይ ግን 35 በመቶ ደረሰ። ከሦስት አንድ ማለት ነው። በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ላይ ጎላ ባለ መጠን ያንሳል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ ቁጥር ግን ሌላ ነው። ከ60 ዓመት በታች ሆነው ተቀይሮላቸው በድጋሚ ከተከፈቱት ውስጥ ግማሾቹ የተከፈቱት ገና 4.4 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ጤነኛ ፕላስቲክ በአራት ዓመት አያልቅም። እንግዲህ ብዙ ወጣቶች ላይ ጉልበቱን የሚጥለው ማለቅ ብቻ አይደለም።

አንዱ ኢንፌክሽን ነው። በወጣትነቱ ኦስቲዮአርትራይተስ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የቆየ ጉዳት አለበት። ኳስ ሲጫወት ጅማቱ ተበጥሷል፣ ወይ በመኪና አደጋ አጥንቱ ተሰብሮ በብሎን ታስሯል። ጉልበቱ ከአንድም ሁለት ሦስቴ ተከፍቷል። በተደጋጋሚ የተከፈተ ጉልበት ጠባሳ ይበዛበታል፣ ደም በደንብ አይዞርበትም፣ ባክቴሪያ ቦታ ያገኛል። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ በመድኃኒት ብቻ ማስወጣት በጣም ይከብዳል።

ሌላው ሚዛን ነው። ጅማቶቹ በአንድ በኩል ጠብቀው በሌላ በኩል ከላሉ ጉልበቱ ይወላከፋል። አዛውንቱ ቀስ ብሎ ስለሚራመድ ላያስተውለው ይችላል። ሳጥን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው፣ መጋዘን ውስጥ ቆሞ የሚውለው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል።

ሦስተኛው ህመም ራሱ ነው፤ ይህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አይነገረውም። ጉልበታቸው ከተቀየረላቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ በውጤቱ አይረካም። ራጁ ላይ አጥንት ከአጥንት ጋር ገና ሳይገናኝ፣ በህመሙ ብዛት ብቻ ቸኩሎ የገባ ሰው ያለመርካት ዕድሉ የበለጠ ነው። ወጣቱ ደግሞ የሚጠብቀው ብዙ ነው። መሮጥ፣ ተራራ መውጣት፣ ተንበርክኮ መሥራት ይፈልጋል። አዛውንቱ ገበያ ደርሼ ልመለስ ነው የሚለው። አንድ ዓይነት ጉልበት ለአንዱ በረከት፣ ለሌላው ቅሬታ ይሆናል። የ85 ዓመት ሰው ቢያመውም «ተዉኝ፣ ልኑርበት» ይላል። የ52 ዓመቱ ግን እንደገና ቀዶ ክፍል ይገባል፤ ሐኪሙም እሺ ይለዋል። የወጣቶቹ ቁጥር ከፍ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለእኛ ለሐበሾች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ጉልበታችንን እስከ መጨረሻው እናጥፋለን። በርጩማ ላይ እንቀመጣለን፣ በጾም እንሰግዳለን፣ ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ ይወርዳል። ሰው ሠራሽ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ያህል ነው የሚታጠፈው። ከዚያ በላይ ሲገፋ ጭነቱ በሙሉ ወደ ትራሱ የኋላ ጠርዝ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሐኪሙ «እሰግዳለሁ፣ መሬት እቀመጣለሁ» ማለት አያሳፍርም። ማወቅ አለበት። ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ እንደሚቻል ከሃይማኖት አባቶች ጋር አስቀድሞ መነጋገርም ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ እንዳትደነግጡ። እዚያው ላንሴት ላይ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ሙሉ የጉልበት ቅየራ ከተደረገላቸው 82 በመቶው ጉልበት 25 ዓመት እንደሚቆይ ገምቷል። ይህ በሁሉም ዕድሜ ተደምሮ ነው። ቅየራ ብዙ ሰዎችን ከአልጋ አንሥቷል። ጥያቄው መቼ፣ ለማን፣ በምን የሚለው ነው። ወጣት ሰው መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ መሞከር አለበት። ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስ። አንድ ኪሎ ሲቀንስ ጉልበቱ በእያንዳንዱ እርምጃ አራት ኪሎ ያህል እንደሚቀልለው ተለክቷል። እግሩ ከተወላገደ አጥንቱን ቆርጦ የሚያቃና ቀዶ ጥገና አለ፤ ጭነቱን ወደ ጤነኛው ጎን ያዞረዋል። ግማሽ ጉልበት ብቻ መቀየርም አለ። ግን በዚያው ጥናት 25 ዓመት የሚቆየው 70 በመቶው ነው።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ

ሆስፒታሎች የድሮ ፋይላቸውን እያገላበጡ ለታካሚዎቻቸው መጻፍ ጀመሩ። ጉልበቱ ምንም ያላለው ሰው ድንገት «ውስጥህ ያለው ፕላስቲክ ከገበያ ተሰብስቧል» የሚል ወረቀት ደረሰው። ያንን ማንበብ ቀላል አይደለም። መኪና ቢሆን ጋራዥ ወስደህ ታስቀይረዋለህ። ጉልበት ግን እንዲያ አይሆንም። ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማርች 2023 ላይ ማሳሰቢያ ሲያወጣም ምክሩ ይኸው ነበር። ደህና እየሠራ ያለ፣ ህመም የሌለው ጉልበት አይውጣ። ግን አዲስ ህመም፣ እብጠት፣ የሚያንቋቋ ድምፅ፣ መክዳት ወይም መቆም አለመቻል ካለ ሐኪም ይየው፣ ራጅ ይነሣ።

ክሶች ተበራከቱ። ኦክቶበር 2022 ላይ በተለያዩ ግዛቶች ያሉት የፌዴራል ክሶች ተሰብስበው ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ባለው ፍርድ ቤት አንድ ላይ እንዲታዩ ተወሰነ። ክሶቹ በአጠቃላይ ከ2,000 በላይ ደረሱ። ኤግዛክቴክ በ1985 አንድ የአጥንት ሐኪም፣ ባለቤቱና አንድ መሐንዲስ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። በ2018 ቲፒጂ ካፒታል የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ737 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ከሳሾቹ ደግሞ ዋናው ጥያቄያቸው ሳይመለስ በአበዳሪዎች ወረፋ ውስጥ ገቡ። ይህ ያሳዝነኛል። በ50 ዓመቱ በድጋሚ የተከፈተ ሰው ሥራ ያጣል፣ ወራት ቤት ይውላል። ሦስተኛ ቀዶ ጥገናም ከፊቱ ሊጠብቀው ይችላል።

ወረቀቱ የት ነው?

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ሐበሻ አለ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጉልበቱ የተቀየረለትም ይኖራል። ከሀገር ቤት ወደ ባንኮክ፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ ሄደው ተቀይሮላቸው የሚመለሱም ጥቂት አይደሉም። «ምን ዓይነት ገቡልህ?» ሲባሉ ብዙዎቹ «የጀርመን ነው»፣ «የአሜሪካ ነው፣ አንደኛ ነው አሉኝ» ይላሉ። ይህ በቂ አይደለም። የአሜሪካ መሆኑ የኤግዛክቴክን ትራስ አላዳነውም።

እያንዳንዱ የጉልበት ክፍል ሲታሸግ ካርቶኑ ውስጥ ተለጣፊ ወረቀቶች ይኖሩታል። ሐኪሙ ክፍሉን ሲገጥም አንዱ ወረቀት በታካሚው ፋይል ላይ ይለጠፋል። ብዙ ቦታ ለታካሚውም ካርድ ይሰጣል። ያልተሰጠው ሰው ከሆስፒታሉ ከመውጣቱ በፊት ይጠይቅ። ወንድምም እህትም ቢሆን አስታማሚው ይጠይቅለት፤ በሽተኛው በዚያ ቀን ህመም ላይ ነው፣ አያስታውስም። ከዓመታት በፊት የተቀየረለትም ቢሆን ለሆስፒታሉ ጽፎ የቀዶ ጥገናውን ዝርዝር ኮፒ ማስመጣት ይችላል። ሩቅ ሀገር የተሠራለት ሰው ይህን ቶሎ ቢያደርገው ይሻላል። ሐኪም ቦታ ይቀይራል፣ ፋይልም ይጠፋል።

ካገኛችሁ በኋላ በስልክ ፎቶ አንሡት። ለልጆቻችሁም ላኩላቸው። ወረቀቱ ላይ የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ስምና መለያ ቁጥር ይገኛል። በአሜሪካ የነበሩ ታካሚዎች ጉልበታቸው ከ147,732ቱ አንዱ መሆን አለመሆኑን ያጣሩት በዚሁ ቁጥር ነው።